ከጎንደር ወደ ጃፓን ለሚጓዝ፦ የሳኬ አቀማመስና አሰባሰብ

ጠላና ጠጅ እየለየ ያደገ የጎንደር ሰው የሳኬን ጣዕም ለመልመድ አይቸገርም፤ የሚከብደው ጠርሙሶቹን መለየት ነው። ሳኬ ከሩዝ፣ ከውኃ፣ ከእርሾና ኮጂ ከተባለው ሻጋታ የሚጠመቅ ሲሆን፣ የአልኮል መጠኑ በአብዛኛው ከ15 እስከ 16 በመቶ ስለሚደርስ እንደ ጠላ በዋንጫ አይጨለጥም።

በቅድሚያ ሩዙ ምን ያህል እንደተፈተገ ይመልከቱ። በ«ጊንጆ» ከፍሬው የሚቀረው ቢበዛ 60 በመቶ፣ በ«ዳይጊንጆ» ደግሞ ቢበዛ 50 በመቶ ነው፤ «ጁንማይ» የሚል ከታከለበት አልኮል አልተጨመረበትም። ቅምሻውን ሙዝ ሙዝ በሚሸተው ቀዝቃዛ ጊንጆ ጀምረው፣ በየመካከሉ ውኃ እየተጎነጩ፣ ሞቅ ተደርጎ ወደሚቀርበው ጁንማይ ይለፉ፤ ጊንጆን ማሞቅ ግን መዓዛውን ማባከን ነው ባይ ነኝ። የኪዮቶው ፉሺሚ ውኃ ለስላሳ፣ የኮቤው ናዳ ውኃ ማዕድን የበዛበት በመሆኑ የሁለቱን ሳኬ ጎን ለጎን መቅመስ ብዙ ያስተምራል።

ለስብስብ 300 ሚሊ ሊትር የሚይዙት ትናንሽ ጠርሙሶች ይመረጣሉ። በሙቀት ያልታከመው «ናማ» ከማቀዝቀዣ ስለማይወጣ እዚያው ይጠጡት። ሌላውን በጋዜጣ ጠቅልለው ብርሃን በማይገባበት ቁም ሣጥን አቁመው ያስቀምጡና በአንድ ዓመት ውስጥ ይክፈቱት።