«ያችን ኪኒን ስጭኝ» ከማለት በፊት፦ በድንገተኛ የእርግዝና መከላከያና በማዮማ (የማህፀን እጢ) መድኃኒት ላይ ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

ጎንደር ማራኪ አካባቢ ፋርማሲ ውስጥ ነው የምሰራው። ሰኞ ጠዋት በር ስንከፍት ድምጿን ዝቅ አርጋ «እህቴ ያችን ኪኒን ስጭኝ» የምትል ልጅ አትጠፋም፣ የበዓል ማግስት ከሆነማ ብዙ ናቸው። «ያችን ኪኒን» የሚለው ግን ሥራቸው አንድ ላልሆነ 3 መድኃኒቶች መጠሪያ ሆኗል፣ የመጀመሪያው ስህተትም እሱ ነው።

ከግንኙነት በኋላ እርግዝና ለመከላከል የሚዋጠው፣ ፖስት ፒል የምንለው፣ ውስጡ ሌቮኖርጀስትሬል ነው፣ ፕሮጀስትሮን የሚባለውን የራሳችንን ሆርሞን የሚመስል ነገር ማለት ነው። ሌሎቹ ሁለቱ፣ ዩሊፕሪስታል (እሱም ድንገተኛ መከላከያ ነው) እና ሚፌፕሪስቶን ግን ሆርሞኑ የሚቀመጥበትን ቦታ፣ ሪሴፕተር የሚባለውን፣ ቀድመው ይይዙበታል፣ እሱ ቢመጣም መቀመጫ ያጣል። ሚፌፕሪስቶን ፈረንሳይ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1980 የተሰራ ሲሆን በ1988 ደግሞ እዛው ተፈቀደ፣ 200 ሚሊግራሙ ሚሶፕሮስቶል ከሚባል ሌላ ኪኒን ጋር ጽንስ ለማቋረጥ ነው የሚሰጠው፣ ቻይና ውስጥ ግን 10 ወይም 25 ሚሊግራሙን ለድንገተኛ መከላከያ ይጠቀሙበታል። ስሙ አንድ ሆኖ ሚሊግራሙ ሲለወጥ ሥራውም ይለወጣል፣ ስለዚህ ጓደኛችሁ የተረፋትን ስትሰጣችሁ ማሸጊያውን ሳታነቡ አትዋጡ።

ከዚሁ ጋር የሚያያዝ፣ እኔን በጣም የሚያሳዝነኝ ነገር አለ፣ ወር አበባ ከቀረ በኋላ ፖስት ፒል መዋጥ። አንዷ 2 ወር አልፏት ሁለት ፓኬት ጨርሳ ነው የመጣችው፣ «ይወርድልኛል ብዬ» አለችኝ። አይወርድም። ፖስት ፒልም ሆነ ዩሊፕሪስታል እንቁላል ከመውጣቱ በፊት ነው የሚሰሩት፣ መውጫውን ያዘገዩታል፣ ካረገዙ በኋላ የሚያመጡት ለውጥ የለም። የጠፋው ጊዜ ነው የሚጎዳው። ተደፍራ ከሆነ፣ ያረገዘችው ከቅርብ ዘመድ ከሆነ፣ ወይም ጤናዋ አደጋ ላይ ከሆነ በ1997 ዓ.ም ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ጽንስ ማቋረጥን ይፈቅድላታል፣ ተደፍሬያለሁ ላለችም ቃሏ በቂ ነው፣ ፖሊስ ጋ ሄዳ ወረቀት አምጪ አትባልም። ቤት ውስጥ ግን በድብቅ የተገኘ ኪኒን መዋጥ ሌላ አደጋ አለው፦ እርግዝናው ከማህፀን ውጭ ከሆነ ሚፌፕሪስቶን ምንም አያደርገውም፣ ደም ስለፈሰሰ ብቻ «አለቀ» ብላ እቤቷ ስትቀመጥ ውስጧ ሊፈነዳ ይችላል። ሆድ በአንድ ጎን ከጠዘጠዘ፣ ራስ ከዞረ ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል።

የሰዓቱ ነገር ሰፊ ነው። «እስከ 5 ቀን ይሰራል ተብሏል» ብለው ሐሙስ የሚመጡ አሉ። ግንኙነቱ ቅዳሜ ማታ 4 ሰዓት ላይ ከሆነ 72 ሰዓቱ ማክሰኞ ማታ 4 ሰዓት ያልቃል፣ ሌቮኖርጀስትሬል እስከዛ ድረስ ነው ጥሩ የሚሰራው፣ 120 ሰዓቱ ደግሞ ሐሙስ ማታ 4 ሰዓት፣ ይሄ የዩሊፕሪስታል 30 ሚሊግራም ነው። ይሄ ማለት ግን ሐሙስ ድረስ ጠብቁ ማለት አይደለም! እንቁላል እንዲወጣ ትዕዛዝ የሚሰጠው ኤልኤች የሚባለው ሆርሞን መጨመር ከጀመረ ሌቮኖርጀስትሬል ሊያቆመው አይችልም፣ ዩሊፕሪስታል ግን ኤልኤቹ ጫፍ ላይ እስኪደርስ ድረስ ይችላል፣ እንቁላሉ ከወጣ ግን ሁለቱም ዘግይተዋል። ለዛ ነው አንድ ቀን ብዙ የምትለውጠው። ባለሁለት ፍሬውን ፖስት ፒልም በ12 ሰዓት ልዩነት ስትሉ ሁለተኛዋን ከምትረሷት ሁለቱንም ባንዴ ዋጡት፣ ይቻላል። ክብደቷ ከ70 ኪሎ በላይ የሆነች ሴት ላይ ሌቮኖርጀስትሬል ይደክማል፣ ይሄንም ንገሩን፣ አናፍርባችሁም። ከሁሉም የሚበልጠው ደግሞ ሉፕ ነው፣ ማህፀን ውስጥ የሚገባው የመዳቡ፣ በ5 ቀን ውስጥ ከገባ ከ99 በመቶ በላይ ይከላከላል፣ ከዛም እስከ 10 ዓመት ይቆያል፣ ጤና ጣቢያ በነጻ የሚያስገቡት ነገር ሆኖ ሳለ ማንም አይጠይቀኝም።

ሌላው ዩሊፕሪስታል ውጦ በማግስቱ የሦስት ወር መርፌ መወጋት ነው። ልጅቷ ጥንቃቄ ያረገች መስሏት ነው፣ ግን ሁለቱ አንድ ወንበር ነው የሚሻሙት፣ መርፌው ኪኒኑን ያዳክመዋል። 5 ቀን ጠብቁ፣ ከዛ መርፌውን ወይም የየቀኑን ኪኒን ጀምሩ፣ እስከዛና ከጀመራችሁም በኋላ 7 ቀን ኮንዶም። ባለፈው ሳምንት የየቀኑን ስትውጥ ቆይታ ያቋረጠችም ብትሆን ሌቮኖርጀስትሬል ይሻላታል።

የሚወስዱትን ሌላ መድኃኒት መደበቅ። የቲቢ መድኃኒት ላይ ያለች ሴት፣ ሽንቷን ብርቱካንማ የሚያደርገው ሪፋምፒሲን፣ ጉበት እነዚህን ኪኒኖች ቶሎ እንዲያቃጥላቸው ያደርጋል፣ የሚጥል በሽታ ላይ የሚሰጡት ካርባማዜፒንና ፌኒቶይንም እንደዛው፣ ካቆሙትም በኋላ 4 ሳምንት ይቀጥላል። ለነሱ ሉፕ ነው የሚሻለው፣ ካልሆነ ሌቮኖርጀስትሬልን እጥፍ፣ 3 ሚሊግራም። ለረጅም ጊዜ ፕሬድኒሶሎን የምትውጥ ደግሞ ሚፌፕሪስቶን ሊጎዳት ይችላል፣ ኮርቲዞል የሚባለው ሆርሞንና ፕሬድኒሶሎን የሚቀመጡበትንም ቦታ ስለሚይዝ። ወንድ ጓደኛዋን ስትልከው እሱ ይሄን ሁሉ አያውቀውም፣ ስለዚህ እባካችሁ ራሳችሁ ኑ፣ ወይ ስልክ ላይ አገናኙን።

ካስመለሳችሁ፣ ሌቮኖርጀስትሬል ከሆነ በ2 ሰዓት፣ ዩሊፕሪስታል ከሆነ በ3 ሰዓት ውስጥ፣ ድገሙት። የምታጠባ እናት ዩሊፕሪስታል ከዋጠች ለ1 ሳምንት ጡቷን እያለበች ትድፋው።

አሁን ወደ ማዮማ። ያው ዩሊፕሪስታል በ5 ሚሊግራም በየቀኑ ሲዋጥ የማህፀን እጢን ያሳንሳል፣ ደሙንም ያቆማል፣ አውሮፓ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2012 ተፈቅዶ ነበር። ከዛ ግን ጥቂት ሴቶች ላይ ከባድ የጉበት ጉዳት ታየ፣ ጉበት እስከመቀየር የደረሱ አሉ፣ እ.ኤ.አ. 2018 ላይ የጉበት ምርመራ ግዴታ ሆነ፣ እ.ኤ.አ. 2020 ላይ ለጊዜው ታግዶ በመጨረሻ ቀዶ ጥገና ለማይሆናቸው ወይም ላልሰራላቸው ብቻ ተባለ። እህት ከውጭ በሻንጣ የላከችላት አንዲት እናት «ኦፕራሲዮን እፈራለሁ» ብላ ጀምራው ነበር፣ የጉበት ምርመራ ሳታደርግ። ዓይን ቢጫ ከሆነ፣ ሽንት ከጠቆረ፣ ምግብ ከዘጋ ወዲያው ማቆም ነው። ለድንገተኛ መከላከያ የሚዋጠው አንዷ 30 ሚሊግራም ከዚህ ጋር አይገናኝም፣ እሷን አትፍሯት።

በመጨረሻ፣ ውጦ መርሳት። የወር አበባችሁ ከ7 ቀን በላይ ከዘገየ፣ ወይም ከግንኙነቱ 3 ሳምንት ከሞላ፣ ምርመራ አድርጉ፣ የሽንቱ ስትሪፕ ርካሽ ነው፣ ጠዋት በመጀመሪያው ሽንት።