በሞተርሆም ወደ ሰሜን ስትነዱ ከነፋሱ ቅደሙ

በካናዳ ከካልጋሪ ወደ ኤድመንተን በሞተርሆም፣ ማለትም እንደ ቤት በሚኖርበት ትልቅ መኪና፣ የምትሄዱ፣ 300 ኪሎ ሜትሩን በማለዳ ጨርሱት። ነፋስ ከምዕራብ ሲነሳ እንደ ግድግዳ የቆመውን የመኪናውን ጎን በሙሉ ያገኘዋል። መሪውን በሁለት እጅ ጨብጣችሁ እንኳ ወደ ቀኝ ጠርዝ ይገፋችኋል፤ ትልቅ ጭነት መኪና አልፏችሁ ሲሄድማ ትከሻ እስኪዝል ነው ትግሉ።

ሌሊት መሬቱ ስለሚቀዘቅዝ ከላይ ያለው ፈጣን ነፋስ ወደ ታች አይወርድም። ፀሐይ መሬቱን ስታሞቀው ግን አየሩ ይደባለቃል፣ ነፋሱም ከሰዓት በኋላ ይበረታል። በሰኔ ፀሐይ በእኛ አቆጣጠር 11 ሰዓት ተኩል ሳይሞላ ስለምትወጣ ጊዜ አያጥራችሁም።

ብቻ በደንብ ሳይነጋ አትነሱ፤ አጋዘን መንገድ የሚያቋርጠው በብዛት ያኔ ነው። የነፋስ ማስጠንቀቂያ ከወጣ ደግሞ ማለዳም ቢሆን ካላችሁበት አትንቀሳቀሱ።