ዕጢውን አይቶ መረቡን መርሳት

ስለ ካንሰር ሲወራ ዐይን ሁሉ የሚያርፈው ሕዋሱ ላይ ነው። ሕዋሳት የሚኖሩበት መረብ፣ ባለሙያዎች ማትሪክስ የሚሉት ኮላጅን፣ ላሚኒንና ፋይብሮኔክቲን የተባሉ ፕሮቲኖች ድር፣ ከተነሣም ብዙውን ጊዜ በስህተት ይነሣል።

የከፋው ስህተት መረቡን በጭቃ ቤት ግድግዳ ውስጥ እንዳለ ጭድ መቁጠር ነው። ጭድ ጭቃውን ከመያዝ ያለፈ ሥራ የለውም፤ ማትሪክስ ግን ሕዋሱን ያዝዛል። ሕዋሱ ኢንቴግሪን በሚባሉ ተቀባዮች መረቡን ይጨብጣል፤ ይባዛ ወይም ይረፍ የሚለውም በከፊል በዚያ መንገድ በሚመጣለት ምልክት ይወሰናል። እ.ኤ.አ. በ1997 በካሊፎርኒያ በርክሌይ የተመራማሪዋ የሚና ቢሴል ቡድን የጡት ካንሰር ሕዋሳትን ላሚኒን በበዛበት ጄል ውስጥ አሳድጎ አንዱን ኢንቴግሪን በፀረ እንግዳ አካል አገደው። ዝም ብለው ይከመሩ የነበሩት ሕዋሳት እንደ ጤነኛ የጡት ሕዋሳት ክብ ሠርተው ተደረደሩ፤ መባዛትም አቆሙ። በዘረ መላቸው ያለው ጉድለት ግን እንዳለ ነበር። እኔ ይህን ሙከራ ባስታወስኩ ቁጥር ይደንቀኛል።

ሌላው፣ ሲዳሰስ እንደ ጠጠር የሚቆረቁረውን የጡት እብጠት የጠነከረው በሕዋሳቱ ብዛት ብቻ አድርጎ መውሰድ ነው። ጥንካሬው በአብዛኛው የኮላጅን ነው፤ ሊሲል ኦክሲዴዝ የተባለ ኢንዛይም ክሮቹን እርስ በርስ ይቆላልፋቸዋል። የጠነከረው መረብ ደግሞ በተራው ሕዋሱን ለወረራ ይገፋፋዋል። (ጠንካራ እብጠት ሁሉ ካንሰር አይደለም፤ ለስላሳውም ዋስትና የለውም። ሁለቱንም ለሐኪም ማሳየት ነው።)

«ካንሰር መረቡን በኢንዛይም በስቶ ይወጣል፤ ስለዚህ ኢንዛይሙን እናግድ» የሚለውም ቀላል ይመስላል። ማሪማስታትን የመሰሉ አጋጅ መድኃኒቶች በዚሁ ሐሳብ ተሠርተው በታማሚዎች ላይ ሲሞከሩ የተጠበቀውን ውጤት አላመጡም። ከኢንዛይሞቹ አንዳንዶቹ ዕጢውን የሚገቱ ናቸው።

ተቃራኒውም አልሠራም። የቆሽት ካንሰር በወፍራም መረብ ስለተከበበ መድኃኒት እንዲገባ መረቡን ማፍረስ ይበጃል ተባለ። እ.ኤ.አ. በ2014 በወጡ ጥናቶች ግን መረቡን ከሚሠሩት ሕዋሳት ብዙዎቹ የተወገዱባቸው አይጦች ካንሰራቸው ባሰ፤ ፈጥነውም ሞቱ። መረቡ ዕጢውን ይመግባል፤ ይገድበዋልም።

በገበያ ስላለው የኮላጅን ዱቄት ለሚጠይቁ፦ የተበላ ኮላጅን እንደማንኛውም ፕሮቲን ይፈጫል፤ እንዳለ ሄዶ ዕጢ ዙሪያ አይሰፍርም። እዚያ የሚከማቸውን በዋናነት የሚያመርቱት በቦታው ያሉ ፋይብሮብላስት የሚባሉ መረብ ሠሪ ሕዋሳት ናቸው።