ሠዓሊው ባልታወቀ የድሮ የሰው ሥዕል ላይ የሚሠሩ ስህተቶች

«ፊርማ ከሌለው ምን ዋጋ አለው?» ብሎ ማጣጣል ዋናው ስህተት ነው። የቀድሞ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎች አብዛኞቹ ስማቸውን አልጻፉም። በጣና ሐይቅ፣ ደቅ ደሴት፣ ናርጋ ሥላሴ ውስጥ እቴጌ ምንትዋብ ከእመቤታችን ሥዕል ግርጌ ተደፍተው ይታያሉ። የሠዓሊው ስም አልተያዘም፤ የ18ኛውን መቶ ዘመን የቤተ መንግሥት አለባበስ የሚያጠና ግን ሳያየው አያልፍም።

ከተደፋው ሰው አጠገብ ስም ሲገኝ «ሠዓሊው ታወቀ» ማለትም ያሳስታል። ከስሙ ጋር «ተማኅፀነ» ወይም «ተማኅፀነት» የሚል የግእዝ ቃል (ተማጸነ፣ ተማጸነች ማለት ነው) ካለ፣ ስሙ የሠዓሊው ሳይሆን መማጸኛ እንዲሆነው ብሎ ሥዕሉን ያሠራው ሰው ስም ነው። ይህ ስም ዘመኑን ለመገመት ከፊርማ ባልተናነሰ ይረዳል። ጽሑፉ ቢደበዝዝ በእስክሪብቶ አያድምቁት፤ ባትሪ በጎን በኩል አብርተው ፎቶ ያንሡት።

ከሁሉ የከፋው ማጠብ ነው። በጨርቅ ላይ የተሣለ የድሮ ሥዕል ቀለሙ ብዙውን ጊዜ ውሃ በሚያለሰልሰው ሙጫ የተያዘ ነው፤ በእርጥብ ጨርቅ አንዴ ሲያብሱት ፊቱ ከእጅዎ ጋር ይመጣል። ዘይት ቀለምም ቢሆን አያስተማምንም፦ ውሃው በስንጥቆቹ ሰርጎ ከሥር ያለውን ንጣፍ ያሳብጣል፣ ቀለሙም ቆይቶ ይረግፋል። በድንች ወይም በሽንኩርት ማሸትማ ጭራሽ አይታሰብ። መጀመሪያ በማጉያ መነጽር ይመልከቱት፤ የተነሣ ቅርፊት ከሌለ አቧራውን በደረቅና ለስላሳ ብሩሽ ብቻ ያራግፉ። ካለ አይንኩት፣ ለባለሙያ ይተዉት።

አጥፎ ሻንጣ ውስጥ መክተት ሌላው ጥፋት ነው፤ ቀለሙ በእጥፋቱ መስመር ይፈረፈራል። መጠቅለል ግድ ከሆነ ሰፊ ቱቦ ላይ፣ ቀለም ያለበት ገጽ ወደ ውጭ ሆኖ ይጠቀለል። ሰው ሁሉ ለጥንቃቄ ብሎ ወደ ውስጥ ያዞረዋል፤ ያኔ ቀለሙ እርስ በርሱ ተጨናንቆ ይነሣል።

ጠቆር ያለ ሁሉ ጥንታዊ አይደለም። ለገበያ ሲባል አዲስ ሥዕል በጭስ ይጠቁራል። ለዓመታት ተሰቅሎ የጠቆረ ሥዕል ግን ፍሬም የሸፈነው ጠርዙ ፈካ ብሎ ይቀራል። ስለዚህ ጠርዙንና ጀርባውን ሳያዩ አይግዙ፤ አሮጌውን ፍሬምም አይጣሉ።

ከአገር ለማውጣት ካሰቡ ደግሞ «ሠዓሊው ስለማይታወቅ ቅርስ አይባልም» የሚል ደላላ አይስሙ። የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ያለ ፈቃድ ቅርስ ማውጣትን ይከለክላል፤ ፊርማ ኖረም አልኖረም።