በስሚንቶ ቦያካ የሚሞላ አስፋልት፦ ክፍት ድብልቁ እንዴት ይቀመማል?

ከጂቡቲ የመጣ ተሳቢ መልካ ጀብዱ አካባቢ ተራ ሲጠብቅ የሚቆምበትን አስፋልት ቀትር ላይ ልብ ብለው አይተውት ከሆነ ችግሩን ያውቁታል። የድሬዳዋ ፀሐይ ሬንጁን ያለሰልሰዋል፤ የቆመው ጎማ ይጫነዋል፤ ጠብ ጠብ የሚለው ናፍጣ ደግሞ ያሟሟዋል። ውሎ አድሮ ጎማው ቦይ ያወጣል። ለእንዲህ ዓይነቱ ቦታ መላ አለው፦ ባዶ ቦታው የበዛ አስፋልት አንጥፎ፣ ሲቀዘቅዝ በቀጭን የስሚንቶ ቦያካ (በውኃ በተበጠበጠ ስሚንቶ) መሙላት። በፈረንጆቹ 1950ዎቹ ፈረንሳይ ውስጥ ሲጀመር የታሰበውም አስፋልትን ከነዳጅና ከዘይት ለመጠበቅ ነበር።

እዚህ ሥራ ላይ ዋናው የሚቀመመው ነገር ባዶው ነው። በተለመደው አስፋልት ውስጥ የአየር ክፍተቱ ከ3 እስከ 5 በመቶ ነው። አሁን የምንፈልገው ከ25 እስከ 35 በመቶ ሲሆን፣ ያውም እርስ በርሱ የተያያዘ መሆን አለበት። ቦያካው የማይደርስበት ክፍተት አስፋልቱን ከማዳከም በቀር ጥቅም የለውም።

መጀመሪያ ጠጠሩ። አብዛኛው ከ10 እስከ 14 ሚሊሜትር የሆነ፣ ንጹሕና ማዕዘኑ ያልተሸረፈ ይሁን። ከ2.36 ሚሊሜትር ወንፊት የሚያልፈው 10 በመቶ አካባቢ ቢሆን ይበቃል፤ አሸዋ ሲበዛ መተላለፊያው ይደፈናል። ድሬዳዋ ዙሪያ የኖራ ድንጋይ ቅርብ ነው፤ ተፈጭቶ ከጠጠሩ ጋር ለሚገባው ዱቄት ደስ ይላል። ለጠጠርነት ግን በሎስ አንጀለስ ከበሮ (ጠጠሩ ከብረት ኳሶች ጋር በሚሽከረከርበት መፈተኛ) ጥንካሬው ሳይፈተን አይውሰዱት።

ቀጥሎ ሬንጁ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ለድሬዳዋ ሙቀት 80/100 ከሚባለው ለስላሳ ሬንጅ ይልቅ ጠንከር ያለው 60/70 ይሻላል። ከድብልቁ ክብደት ከ3 እስከ 4.5 በመቶ፣ በግማሽ በግማሽ በመቶ እየጨመሩ ናሙና ይሥሩ። ከዚያ ሁለት ፈተናዎች አሉ። አንደኛው የጠብታ ፈተና ነው፦ ያልተጠቀጠቀውን ድብልቅ በሽቦ ቅርጫት አድርገው፣ በማደባለቂያው ሙቀት ምድጃ ውስጥ ለ1 ሰዓት ያቆዩት። የሚንጠባጠበው ሬንጅ ከድብልቁ ክብደት 0.3 በመቶ መብለጥ የለበትም። ሁለተኛው የመራገፍ ፈተና ነው፦ በየገጹ 50 ጊዜ በመዶሻ የተመታ የማርሻል ናሙና (በክብ ቅርጽ የተጠቀጠቀ ድብልቅ)፣ የብረት ኳስ በሌለበት በዚያው የሎስ አንጀለስ ከበሮ 300 ጊዜ ይሽከረከራል። ከክብደቱ ከ20 በመቶ በላይ ካጣ ሬንጁ አንሷል ማለት ነው። የመጀመሪያው ሬንጁን ቀንስ ይላል፣ ሁለተኛው ጨምር ይላል፤ ትክክለኛው መጠን በሁለቱ መካከል ነው። መካከል ላይ ቦታ ካጡ 0.3 በመቶ የሴሉሎስ ቃጫ (ከዕፅዋት የሚገኝ ስስ ክር) ይጨምሩ፤ ሬንጁን ይዞ ያቆየዋል።

የጠብታውን ፈተና አይዝለሉት። አንድ ጊዜ ላዩ እንከን የማይወጣለት ናሙና ለሁለት ሰንጥቄ፣ ከታች ሁለት ጣት ያህል ቦያካ ያልነካው ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ሬንጁ ወርዶ ሥር ላይ ተጠራቅሞ መንገዱን ሁሉ ዘግቶት ነበር። ላዩን ብቻ አይቶ ማለፍ እንዴት እንደሚያሳስት የገባኝ ያን ዕለት ነው።

አሁን ባዶውን ይለኩ። ናሙናው ውኃ ስለማይቋጥር ይዘቱ የሚሰላው ቁመቱንና ስፋቱን በካሊፐር ለክቶ ነው። ለምሳሌ ይዘቱ 514.8 ሴንቲሜትር ኩብ፣ ክብደቱ 925 ግራም ቢሆን እፍጋቱ 1.797 ነው። የክፍተት አልባው ድብልቅ እፍጋት 2.48 ከሆነ፣ ጠቅላላ ክፍተቱ 27.5 በመቶ ይሆናል። ውኃ ውስጥ ሲመዘን 540 ግራም ካሳየ፣ ውኃ የማይገባበት ይዘቱ 385 (925 ሲቀነስ 540) ነው፤ ስለዚህ የተያያዘው ክፍተት 25.2 በመቶ ነው። ለቦያካው ዋጋ ያለው ይህ ሁለተኛው ቁጥር ነው። በ5 ሴንቲሜትር ውፍረት ለ1 ካሬ ሜትር 12.6 ሊትር ገደማ ቦያካ ያስፈልጋል ማለት ነው።

ለቦያካው ቶሎ የሚጠነክረውን ኦፒሲ (ተራ ፖርትላንድ) ስሚንቶ ይምረጡ። ውኃው የስሚንቶውን ክብደት ግማሽ ያህል ይሁን፤ ቅጥነቱን ከሱፐርፕላስቲሳይዘር (ውኃ ሳይጨመር ቦያካን ከሚያቀጥን ኬሚካል) ያግኙ። 1725 ሚሊሊትር በሚይዘው የመፍሰሻ ቅል (ሥሩ ቀዳዳ ባለው ሾጣጣ ዕቃ) ሲለካ ከ10 እስከ 14 ሰከንድ መውሰድ አለበት፤ ንጹሕ ውኃ በ8 ሰከንድ ያልቃል። አልፈስ ሲል ውኃ አይጨምሩበት፤ ሲደርቅ ተሸብሽቦ ይሰነጠቃል። የድሬዳዋ ሙቀት ስለሚያወፍረው ከ20 ደቂቃ በኋላ ደግመው ይለኩት፣ ውኃውንም ጥላ ውስጥ ያቆዩ።

ወደ መንገዱ ከመውጣትዎ በፊት ትንሽ የአስፋልት ሰሌዳ በቦያካ ሞልተው፣ ሲጠና ቆርጠው እስከ ሥሩ ይዩት።

ሜዳ ላይ ሥሩና ጠርዙ እንዳያፈስ ይደፈን። ጠጠሩ እንዳይደቅ ድብልቁን ያለ ንዝረት በሮሎ ይጠቅጥቁት። ቦያካው የሚፈስሰው የአስፋልቱ ሙቀት ከ50 ዲግሪ ሲወርድ ነው፤ ቀትር ላይ ፀሐዩ ብቻውን ከዚያ ሊያሳልፈው ስለሚችል ከምሽት በኋላ ይሥሩ። ቀላል የንዝረት ሮሎ እያሳለፉ አረፋው እስኪቆም ይሙሉት፣ የጠጠሩ አናት እስኪታይ በላስቲክ መጥረጊያ ይጥረጉት፣ በእርጥብ ጆንያ ይሸፍኑት። ደንገጎን በመሰለ ዳገት ላይ ግን አይሞክሩት፤ ቦያካው ሳይጠና ወደ ታች ይወርድና ላይኛው ጫፍ ባዶውን ይቀራል።