ስሙን ማንም የማያስታውሰው ተጫዋች፦ የድሮ ኮሌጅ ፉትቦል ካርዶችን ለሚያጣሩ ችግርና መፍትሄ

ከጨረታ ወይም ከአሮጌ ዕቃ ሱቅ የተገኘ የአሜሪካ ኮሌጅ ፉትቦል (እግር ኳስ ያልሆነው የአሜሪካኖቹ ጨዋታ) ካርድ፣ ማለትም ፊቱ ላይ የተጫዋች ምስል ጀርባው ላይ አጭር ታሪኩ ያለበት፣ እጃችሁ ላይ አለ እንበል። ስሙን ጉግል ላይ ስትጽፉ የሚመጣው የካርዱ ዋጋ ብቻ ነው፤ ሰውዬው የለም። ብዙ ጊዜ እንዲህ የሚሆነው ፍለጋው ከተሳሳተ ጫፍ ስለሚጀመር ነው። ካርዱን ያሳተመው ትምባሆ ወይም ማስቲካ ሻጭ ነው፤ የታሪክ ጸሐፊ አይደለም። ስለዚህ ጽሑፉን ለጥቆማ ያህል ያዙት እንጂ እንደ ማስረጃ አትቁጠሩት። ስሙን ለጊዜው ወደ ጎን አድርጉና ኮሌጁንና የውድድር ዘመኑን አስቀድሙ። (ዓመታቱም ቀኖቹም ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ስሙ ሲፈለግ ሌላ ሰው ይመጣል

ዋናው መንስኤ ቅጽል ስም ነው። ካርድ ላይ "ዊዘር" የተባለው ዋይት በመዝገብ ስሙ ባይረን ዋይት ነው፤ ለኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የተጫወተ፣ በኋላም ከ1962 እስከ 1993 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ የነበረ ሰው። የኬንታኪው "ቤብ" ፓሪሊም ቪቶ ነው። እነዚህ ታዋቂ ስለሆኑ አያስቸግሩም። አንድ ሁለት ዓመት ተጫውቶ የተሰወረ ተከላካይ ግን በሕዝብ ቆጠራም ሆነ በሞት መዝገብ የሚገኘው በቅጽል ስሙ አይደለም።

መፍትሄው የኮሌጁ የምረቃ መጽሔት ነው። ሙሉ ስም፣ የትምህርት ክፍልና የመጣበት ከተማ ብዙ ጊዜ ከፎቶው አጠገብ ይሰፍራሉ። ብዙ ኮሌጆች የድሮዎቹን መጽሔቶች ስካን አድርገው በነፃ ለቀዋል። የትውልድ ከተማውን ካገኛችሁ ሥራው ተጋምሷል፤ የትንሽ ከተማ ጋዜጣ የልጇን ወሬ አትተውም፣ ለእረፍት ቤተሰቡ ዘንድ መምጣቱን ሳይቀር ትጽፋለች።

ወንድማማቾችም ያምታታሉ። ከ1882 እስከ 1901 ባለው ጊዜ ፖ የሚባሉ ስድስት ወንድማማቾች ለፕሪንስተን ተጫውተዋል፤ አንደኛው የገጣሚው የኤድጋር አለን ፖ ዘመድም ሞክሼም ነበር። የዘመኑ ጋዜጣ በአብዛኛው የቤተሰብ ስም ብቻ ይጽፋል። እንዲህ ሲሆን የጨዋታውን አሰላለፍ ተመልከቱ፤ ግራ ክንፍ ላይ የሚሰለፈው ፖ በሚቀጥለው ሳምንትም እዚያው ይገኛልና ቦታውን ተከትሎ ማን ማን እንደሆነ መለየት ይቻላል።

አንዳንዴ ደግሞ ጥፋቱ የማሽኑ ነው። የተቃኘ ጋዜጣ ላይ የላቲኖቹ አር እና ኤን ሲጠጋጉ ኮምፒውተሩ ኤም አድርጎ ያነባቸዋል፤ በዚህ የተነሳ በርንስ የተባለ ሰው በፍለጋ አይገኝም። ስሙን ትታችሁ የሁለቱን ኮሌጆች ስምና የጨዋታውን ቀን አስገቡ፣ ከዚያ ገጹን በዓይናችሁ አንብቡ። የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት የጋዜጣ ስብስብ፣ ክሮኒክሊንግ አሜሪካ፣ ለዚህ ነፃ ነው። ዋሽንግተንና አካባቢዋ ያላችሁ ወገኖች ደግሞ መታወቂያ ይዛችሁ ብትሄዱ ያለ ክፍያ የአንባቢ ካርድ አውጥታችሁ የጋዜጣ ክፍሉን መጠቀም ትችላላችሁ። አጠገቡ እየኖሩ ሳይገቡበት ዓመታት ማሳለፍ ያሳዝናል።

ካርዱ ስም የለውም፣ ወይም ፊቱና ጀርባው አይገናኝም

የታወቀው ምሳሌ በ1894 ሜዮ የተባለው የሪችመንድ፣ ቨርጂኒያ ትምባሆ አምራች ያወጣቸው 35 ካርዶች ናቸው። ሁሉም የሃርቫርድ፣ የዬልና የፕሪንስተን ተጫዋቾች ሲሆኑ አንደኛው ላይ ስም አልታተመም። ሰብሳቢዎች ለረጅም ጊዜ "ስም አልባው" ሲሉት ኖረዋል፤ ሰውዬው የሃርቫርዱ ጆን ደንሎፕ ነው።

በ1955 ካርድ አሳታሚው ቶፕስ ያወጣቸው የኦል አሜሪካን (ምርጥ የተባሉ የኮሌጅ ተጫዋቾች) ካርዶች ላይ ያለው ስህተት ሌላ ዓይነት ነው። ከመጀመሪያዎቹ እትሞች በአንዳንዶቹ የዋይትና የሉዊዚያና ስቴቱ የጌይኔል ቲንስሊ ጀርባ ተቀያይሯል። የዋይትን ፊት አይቶ ጀርባውን ያነበበ ሰው የሉዊዚያናውን ተጫዋች ታሪክ ለኮሎራዶው ይሰጣል።

ስለዚህ ፊቱን ከጀርባው ለይታችሁ አጣሩ። ለፊቱ የቡድን ፎቶ ፈልጉ፤ ከሥሩ ስሞቹ በረድፍ ከግራ ወደ ቀኝ ይዘረዘራሉ። አለባበሱም ይናገራል። በ1890ዎቹ ተጫዋቾች ራሳቸውን ለመከላከል ፀጉራቸውን ያሳድጉ ነበር፤ ኮሌጆች የራስ ቁርን ግዴታ ያደረጉት በ1939 ነው። ለጀርባው ደግሞ አንድ ጨዋታና አንድ ውጤት መርጣችሁ በጋዜጣ አረጋግጡ። አንዱ ከተሳሳተ የቀረውንም አትመኑ።

ዓመቱ አይገጥምም

ካርዱ የታተመበት ዓመት ሰውዬው የተጫወተበት ላይሆን ይችላል። የ1955ቱ ስብስብ ውስጥ በ1939 የሃይስማን ሽልማት (በየዓመቱ ለምርጡ የኮሌጅ ተጫዋች የሚሰጠውን) ያገኘው የአዮዋው ናይል ኪኒክ አለ፤ ኪኒክ በ1943 በባሕር ኃይል የበረራ ልምምድ ላይ ሞቷል። ቶፕስ በ1950 ካወጣቸው ትንንሽ ካርዶች፣ ማለትም ጀርባቸው ላይ የኮሌጅ ባንዲራ በጨርቅ ከተሠራባቸው፣ አንዱ የጆ ፓተርኖ ነው። ኋላ ዝነኛ አሠልጣኝ የሆነው ፓተርኖ ለብራውን ዩኒቨርሲቲ የመጨረሻ ጨዋታውን ያደረገው በ1949 ነበር። ስለዚህ ከካርዱ ዓመት ቢያንስ አንድ ዓመት ወደኋላ መሄድ ጥሩ ልማድ ነው።

ፍሬሽማን (የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ) እያለ ስሙ ዋናው ቡድን ውስጥ ባይኖር አትደንግጡ። በጦርነት ጊዜ ከተፈቀዱት በስተቀር ፍሬሽማኖች በአጠቃላይ በዋናው ቡድን መጫወት የቻሉት ከ1972 ጀምሮ ነው። ጥር 1 ቀን የሚደረግ የቦውል ጨዋታ (ከመደበኛው ውድድር በኋላ የሚደረግ) ደግሞ የሚቆጠረው ላለፈው የውድድር ዘመን ነው።

ኮሌጁ የፉትቦል ቡድን የለውም፣ ወይም ኮሌጁ ራሱ የለም

ስሙ ተቀይሮ ይሆናል፤ ኦክላሆማ ኤ ኤንድ ኤም በ1957 ኦክላሆማ ስቴት ሆኗል። ቡድኑ ተበትኖም ሊሆን ይችላል፤ የሳን ፍራንሲስኮ ዩኒቨርሲቲ በ1951 አንድም ጨዋታ ሳይሸነፍ ጨርሶ በዚያው ቡድኑን ዘጋ። በሁለቱም መዝገቡ የሚገኘው በዩኒቨርሲቲው ቤተ መዛግብት ነው፤ ለስፖርት ክፍሉ መጻፍ ጊዜ ማባከን ነው።

የካርላይል ጉዳይ ከሁሉም ይከብዳል። ዝነኛው አትሌትና የፉትቦል ተጫዋች ጂም ቶርፕ የወጣበት ይህ የፔንስልቬንያ ትምህርት ቤት የአሜሪካ ነባር ሕዝቦችን ልጆች ከወገናቸው ነጥሎ የሚያስተምር ነበር፤ ብዙዎቹ እዚያ የእንግሊዝኛ ስም ተሰጥቷቸዋል። ትምህርት ቤቱ በ1918 ተዘግቷል። ዲኪንሰን ኮሌጅ የተማሪዎቹን ፋይሎች በኢንተርኔት ስላወጣ ሁለቱንም ስሞች ከዚያ ፈልጉ።

ከምረቃ በኋላ ዱካው ይጠፋል

ለአብዛኛው ሰው ፍለጋው የሚቆመው እዚህ ነው። ኮከብ የነበረ ሁሉ ወደ ፕሮፌሽናል ሄዷል ብሎ ማሰብ ያሳስታል። የቺካጎ ዩኒቨርሲቲው ጄይ በርዋንገር በ1935 የመጀመሪያውን የሃይስማን ሽልማት ወሰደ፣ የፕሮፌሽናል ሊጉ ኤንኤፍኤል ቡድኖች የኮሌጅ ተጫዋቾችን ለመጀመሪያ ጊዜ በመረጡበት በ1936ም አንደኛ ሆኖ ተመረጠ፤ አንድ ቀን እንኳን ፕሮፌሽናል ሳይጫወት ወደ ንግድ ገባ። በርዋንገር እንዲህ ካደረገ ስሙ ያልገነነው ተከላካይ ምን ቢያደርግ ይገርማል? ኢንሹራንስ ሻጭ፣ የሃይስኩል አሠልጣኝ፣ የጥርስ ሐኪም ይሆናል ብላችሁ ፈልጉት።

የ1950 የሕዝብ ቆጠራ ከ2022 ጀምሮ ለሕዝብ ክፍት ነው። ግን አንድ ወጥመድ አለው። በ1940 የኮሌጅ ተማሪ የተቆጠረው በወላጆቹ ቤት ሲሆን በ1950 የተቆጠረው በሚማርበት ከተማ፣ ዶርም ውስጥ ነው። በ1950 ካርድ ላይ ያለውን ልጅ በእናቱ ቤት ፈልጋችሁ ብታጡት የሌለ እንዳይመስላችሁ፤ የዩኒቨርሲቲውን ከተማ ሞክሩ።

ወታደር ከነበረ መጀመሪያ በየትኛው ኃይል እንዳገለገለ እወቁ። ሐምሌ 12 ቀን 1973 የወታደሮች ፋይል በሚቀመጥበት የሴንት ሉዊስ መዝገብ ቤት የተነሳው ቃጠሎ ከ1912 እስከ 1960 ከምድር ጦር ከተሰናበቱት ሰዎች ፋይል 80 በመቶ ያህሉን አጥፍቷል፤ የአየር ኃይልም ብዙ ፋይል ተቃጥሏል። የባሕር ኃይል ፋይሎች ግን አልተነኩም። ከአገልግሎት ከወጣ 62 ዓመት ያለፈው ሰው ፋይል ለማንኛውም ጠያቂ ክፍት ነው። "ፋይል የለም" የሚል መልስ ከመጣ የምልመላ ካርዱን ጠይቁ፤ የትውልድ ቀንና አድራሻ እዚያ ላይ አለ።

ቁመትና ክብደቱ ከካርድ ካርድ ቢለያይ ዝለሉት። ቡድኖች ተጫዋቻቸውን በወረቀት ላይ ማወፈር ይወዱ ነበር።

ፍለጋው በሕይወት ያለ ልጅ ወይም የልጅ ልጅ ላይ ካደረሳችሁ ስልካቸውን አፈላልጋችሁ አትደውሉ። ደብዳቤ ጽፋችሁ ለኮሌጁ የቀድሞ ተማሪዎች ቢሮ ላኩና እንዲያስተላልፍላችሁ ጠይቁ። የካርዱን ፊትና ጀርባ ፎቶ አያይዙ፣ ዋጋውን ግን አታንሱ፤ ዋጋ የጠራ ሰው ሊሸጥላቸው የመጣ ይመስላል፣ መልስም አያገኝም።