የውጭ ሠራተኛው የሥራ ፈቃድ ሲጠፋ

የውጭ ሠራተኛችሁ ቦርሳ ፒያሳ ታክሲ ላይ ተሰርቆ የሥራ ፈቃዱም አብሮ ከሄደ፣ ነገ ዛሬ ሳትሉ ፖሊስ ጣቢያ አመልክታችሁ ማስረጃ ያዙ። ቀጥሎ ድርጅቱ ምትክ ፈቃድ የሚጠይቅ፣ ማኅተም ያለው ደብዳቤ ይጻፍ። ስሙ ልክ ፓስፖርቱ ላይ እንዳለው ይጻፍ፣ የፈቃድ ቁጥሩና የሥራ መደቡም ይግባበት። አንድ ፊደል ብትለይ ያመላልሳል፤ እኔ በዚህ ሁለት ቀን ባክኛለሁ። ደብዳቤውን ከፓስፖርት ኮፒና ከፎቶ ጋር ፈቃዱን ለሰጠው መሥሪያ ቤት አስገቡ። ሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ከሰጠው እዚያ፣ ኢንቨስትመንት ኮሚሽን ከሰጠው ደግሞ ወደዚያው።

የተቀደደ ወይም የደበዘዘ ከሆነ አሮጌውን እንዳትጥሉት፣ ይዛችሁት ሂዱ።

ጊዜው ካለፈ ግን ጉዳዩ ምትክ ሳይሆን እድሳት ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 መሠረት ፈቃዱ ለ3 ዓመት ቢሰጥም በየዓመቱ መታደስ አለበት። አዲሱ እንደወጣ በስልካችሁ ፎቶ አንሱት።